ባዶ እጅ «እንኳን አደረሳችሁ» አይልም

(በገና ሰሞን ገንዳ ውኃ ላይ የቀረበ ዲስኩር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ሰዎች የገና ካርድ ሲላላኩ የሚታይባቸው ልዩ ልዩ ልማድ» ይላል። ርእሱን የመረጡት ወዳጆቼ ቆላ ውስጥ መኖራችንን ለአፍታ ሳይዘነጉት አልቀሩም። የገና ካርድ ሲባል ዐይናችን ላይ የሚመጣው በረዶ የሸፈነው ጣራ፣ በረዶ የተጫነው ጥድ፣ ቀይ ካፖርት የለበሰ ጢማም ሽማግሌ ነው። ይህን ሥዕል ይዛችሁ እስቲ ወደ ኮኪት ወይም ወደ ሺንፋ ውረዱ። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ሸሚዝ እንኳ በሚከብድበት አገር ካፖርት የደረበውን ሽማግሌ ያየ የእኛ ሰው «ምነው፣ ወባ ያዛቸው እንዴ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ጥጡ ግን የእኛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በገና ዋዜማ ጥድ ላይ ጥጥ እየበተኑ በረዶ የሚያስመስሉ ቤቶች ብዙ ናቸው። የቆላ ለቃሚ በጠራራ ፀሐይ ጀርባውን አጉብጦ የለቀመው ነጭ ነገር ከተሜው ሳሎን ውስጥ ብርድ ሆኖ ይታያል። ከገና ካርድ ጋር ያለን ዝምድና በዚህ በኩል ነው ብንል አላበልንም።

የካርዱን ትውልድ በአጭሩ ልንገራችሁና ልለፍ። ሄንሪ ኮል የሚባል እንግሊዛዊ ባለሥልጣን በ1843 እ.ኤ.አ. ጆን ካልኮት ሆርስሊ የሚባለውን ሠዓሊ የገና ሥዕል አሥሎ 1,000 ያህል ቅጂ ለንደን ውስጥ አሳተመ፤ የተረፈው አንዱ በአንድ ሽልንግ ተሸጠ። ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ፔኒ ቴምብር ደብዳቤ መላክ ተፈቅዶ ስለ ነበር አገሩ ሁሉ ይጻጻፍ ነበር፤ ኮልም መልስ የሚጠብቅ ደብዳቤ ተቆልሎበት ይህን መላ አመጣ ይባላል። እንግዲህ ካርዱ ሲወለድ ጀምሮ የመልስ ጉዳይ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በአገራችን ፖስታ በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ፖስት ካርድ ከተማ ውስጥ ሲለመድ ግን ዋና ወቅቱን እንቁጣጣሽ አደረገው። ጳጉሜን ላይ የመንገድ ዳር አዟሪዎች አደይ አበባ፣ ጽጌረዳና ልብ የታተመበትን ካርድ በገመድ ላይ ይሰቅሉት ነበር። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ያስታውሳል፤ የካርዱ ጀርባ ስለማይበቃ ጽሑፉ ዳር ዳሩን እየዞረ ይወጣል፣ ስሙ አይጻፍም፣ ልጅቷ ግን ማን እንደ ሆነ ታውቃለች። ከዚያ ሁሉ ካርድ ቴምብር የተለጠፈበት ጥቂቱ ነው። የሚሰጠው በእጅ ነበር። ከእርሱ በፊትም ልጆቻችን በነጭ ወረቀት ላይ መልአክና አበባ እየሣሉ በጠዋት በየቤቱ ይዞሩ ነበር፤ ዛሬም የሚዞሩ አሉ። ሥዕሉን ያበረክታሉ፣ የቤቱ አባወራ እዚያው ሳንቲም ያወጣል። ሰላምታውም መልሱም አንድ ደጃፍ ላይ ያልቃል። ኮል ይህን ቢያይ ይቀና ነበር።

ወደ እኛ ቆላ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ፖስታ በአገራችን የሚመጣው በሣጥን ቁጥር ነው፤ ከደጋ ወርዶ በሰሊጥ እርሻ ላይ ዳስ ጥሎ የሚያድር ሰው ደግሞ ምን ሣጥን አለው? ደብዳቤው የሚሄደው በሰው እጅ ነበር። ከዚህ ወደ አይከልና ወደ ጎንደር የሚወጣ ሹፌር፣ ማሽላ የጫነ ነጋዴ፣ ለዕረፍት የሚሄድ መምህር፣ ከማኅበረ ሥላሴ ገዳም የሚመለስ ተሳላሚ፣ ሁሉም ፖስተኛ ነበሩ። አድራሻው «በእገሌ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ፣ ለእነ እገሌ ይድረስ» ከሆነ በቂ ነው።

እኔም ተማሪ ሳለሁ ለሳሉጎች ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ከተማ ያደጋችሁ ልጆች የማታውቁት እንደ ሆነ፣ ሳሉግ የምንለው ከደጋ ወርዶ ከእርሻ እርሻ እየተዘዋወረ የሚሠራውን ሰው ነው። ጽሕፈቱ ወግ አለው። ግማሹ ገጽ ሰላምታ ነው፤ «ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ» ይልና እናትን፣ አባትን፣ የክርስትና አባትን፣ ጎረቤትን፣ አንዳንዴ በሬውን ሳይቀር በየስሙ ይጠይቃል። ከዚያ መጨረሻ ላይ አንዲት መስመር ትመጣለች፤ «በዚህ ሰው እጅ ይህን ያህል ብር ልኬአለሁና ቆጥራችሁ ተቀበሉ» የምትል። ያን ጊዜ ልጅ ስለ ነበርሁ ያላስተዋልሁት ነገር አለ። ብር የሌለው ሰው ደብዳቤ ሊያስጽፍ አይመጣም ነበር። እናቱን የማይወድ ሆኖ አይደለም። ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ባዶ ከሆነች ከላይ ያለው ሰላምታ ሁሉ አፉ ላይ ይከብደዋል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሰው ነው ብላችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

አሁን ከካርዱ ወጣ ብዬ ወደ አንድ ደብዳቤ ልውሰዳችሁ። ከዚህ ምድር የወጣ ሰው የጻፈው ነውና ርእሱን ሳተ አትበሉኝ። የቋራው ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉ በኋላ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ጻፉ። ወዳጅነት ፈልገው፣ መልእክተኞቻቸው በደኅና የሚያልፉበትን መንገድ ጠይቀው ነው የጻፉት። ደብዳቤው በቆንስሉ በካሜሮን በኩል ተላከ፤ ለንደንም ደረሰ። ከዚያ ከአንድ ጠረጴዛ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ተገፍቶ መዝገብ ውስጥ ተቀመጠ። ንቀት ነበረበት? ነበረበት። እኔ ግን አብዛኛው የቢሮ ቸልታ ነበር እላለሁ፤ ማንም ሰው ተነሥቶ «ይህን ንጉሥ እናዋርደው» አላለም። ቸልታና ንቀት ከሩቅ ሲታዩ መልካቸው አንድ መሆኑ ነው ጣጣው። ካሜሮን በበኩሉ መልስ ይዞ በመቅረብ ፈንታ በሱዳን ጠረፍ በከሰላ በኩል ዞሮ መጣ። ንጉሡም «መልሱ የታለ?» ማለታቸው አልቀረም። በ1856 ዓ.ም. የገና ሰሞን ቆንስሉ በሰንሰለት ታሰረ።

ቀጥሎ ያለው መተማን ይመለከታል። እስሩ ለንደን ሲሰማ የዘገየው መልስ በመጨረሻ ተጻፈ። የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም የሚባል፣ ሞሱል ተወልዶ በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎት ያደገ ሰው ነበር። ምጽዋ ላይ ከዓመት በላይ የንጉሡን ፈቃድ ሲጠብቅ ቆየ። ከዚያ በከሰላ ዞሮ በኅዳር 1858 ዓ.ም. መተማ ገባ፤ የንጉሡ ሰዎች መጥተው እስኪቀበሉት ድረስ እስከ ታኅሣሥ እዚሁ ተቀመጠ። የፈረንጆቹን ገና ያሳለፈው መተማ ላይ ነው። የቋራው ሰው ሲጠብቁት የነበረው ወረቀት ከቋራ አጠገብ፣ በዚያ የገበያ ከተማ፣ በአንድ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ ሳምንታት አደረ ማለት ነው። ዛሬ በመተማ ዮሐንስ ኬላ ላይ ወረቀታቸው እስኪመረመር የሚጠብቁ መንገደኞችን ሳይ ራሳም ትዝ ይለኛል።

ነገሩ የት እንዳደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ መቅደላ አደረሰ። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተዘልሎ ያልፋል። ሚያዝያ 5 ቀን 1860 ዓ.ም. ፋሲካ ነበር። ንጉሡ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ ተሸንፈዋል። በፋሲካው ዕለት ለእንግሊዙ አዛዥ ለናፒየር የበዓል ስጦታ ብለው 1,000 ላምና 500 በግ ነዱለት። በእኛ ባህል የፍሪዳ ትርጉም ግልጽ ነው፤ የበዓል ከብት የተቀበለ ሰው ታርቋል። ከብቱ ተቀባይነት ያገኘ መስሏቸው ንጉሡ ተጽናኑ፤ ቆይቶ ግን ከብቶቹ የእንግሊዝ ሠፈር በር ላይ መታገዳቸውን ሰሙ። በማግስቱ አፈ ሙዙን ጎረሱ። መንግሥት የሚወድቀው በብዙ ምክንያት ነው፤ ለዚያ የታሪክ ሊቃውንት አሉን። እኔ የማየው መጀመሪያ ላይ መልስ ያጣ ሰላምታ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ተቀባይ ያጣ የበዓል ስጦታ መኖሩን ነው።

እንግዲህ ወደ ዛሬ እንምጣ፤ ዛሬ ካርዱ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ልማዳችንም እንደየሰዉ ነው።

በጣም የበዛው የቴሌግራም ሥዕል ነው። ሻማ፣ ድፎ ዳቦ፣ ግርግም፣ ከሥሩ «ከእነ እገሌ ቤተሰብ» የሚል ጽሑፍ። ችግሩ ሥዕሉን የላከልኝ ሰው ከእነ እገሌ ቤተሰብ አለመሆኑ ነው። አንዳንዱ የባንክ ዓርማ ያለበትን እንዳለ ያስተላልፈዋል፤ አጎቴ በባንኩ ስም እንኳን አደረሰህ ይሉኛል። በዚህ የሚሳለቁ አሉ። እኔ አልሳለቅም። ጣቱን አንቀሳቅሶ ከመቶ ስም መካከል የእኔን መርጦ ተጭኗል፤ ያንን ያህል ከመቁጠር አልሰንፍም። መልሴን ግን ደውዬ በቃሌ እሰጣለሁ፤ ሥዕልን በሥዕል መመለስ ሁለት የግድግዳ ሰዓቶች እርስ በርስ እንደሚተያዩት ነው።

ሁለተኛው የደዋዩ ወገን ነው፤ እዚህ ላይ ሥርዓት አለ። ታናሽ ለታላቅ ይደውላል። አያት ቀድመው ከደወሉ «እንኳን አደረሰህ» ማለታቸው ሳይሆን መክሰሳቸው ነው፤ ቀጥለው የሚሉትም «ሞትሁ አልሞትሁ ብለህም አልጠየቅህ» ነው። ውጭ አገር ያሉት ልጆቻችን ደግሞ በታኅሣሥ 16 በፈረንጆቹ ይደውሉና ጾሙን ሳንፈታ ዶሮ ያስመኙናል፤ ከዚያ በታኅሣሥ 29 ይደግሙታል። ዘመነ ዮሐንስ ሲሆን ገና በ28 መዋሉን የሚረሱትም አሉ፤ ማግስቱን ይደውሉና ለተረፈ ዶሮ እንኳን አደረሳችሁ ይላሉ።

የኬላው ነጋዴ ልማድ የበለጠ ደስ ይለኛል። ሙስሊሙ ለገና፣ ክርስቲያኑ ለዒድ መደወል እዚህ ትምህርት የሚፈልግ ነገር አይደለም፤ ገበያው ራሱ አስተምሮታል። በሱዳን በኩል ያሉት የገላባትና የገዳሪፍ ሰዎች «ኩል ሰና ወ ኢንቱ ጠይቢን» ይላሉ፤ ለዒድም፣ ለገናም፣ ለዓመት መለወጫም ያው አንዱ ነው። የሱዳን ቅብጦችም ገናን ከእኛው ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ፤ ስለዚህ ከወዲያ ማዶ የሚመጣው ሰላምታ ከአሜሪካው ይልቅ ቀኑን አይስትም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ብዙው ቁጥር አይነሣም። ካርቱም ሻይ ሲያፈሉ፣ ሰው ቤት ሲሠሩ የኖሩ ልጆቻችን በዚሁ ኬላ ገብተዋል፤ ከእነርሱም ጋር የሱዳን ሰዎች ስደተኛ ሆነው መጡ። አንዳንዱ ነጋዴ ዛሬም ለዚያ ለማይነሣው ቁጥር በየዓመቱ ይልካል። መልእክቱ ለመድረሱ ምልክት አያሳይም። ይልካል።

ከዚያ በታች፣ ገንዘብ ሲያጥር ያሉት ልማዶች ይመጣሉ። የስልክ ካርድ ገዝቶ፣ ቁጥሩን ፍቆ፣ አሥራ ምናምኑን አኃዝ በአጭር መልእክት ለእናት መላክ አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደግሞ «ብር ተልኮልዎታል» የሚለው የኩባንያ ጽሑፍ ራሱ የገና ካርድ ሆኗል፤ እናት አታነብብም፣ የጎረቤት ልጅ ያነብላታል፣ እርሷ ግን ስልኩን ስማ መቀነቷ ውስጥ ትከታለች። ሚስኮልም አለ። ሁሉ ያለቀበት ሰው ጋ ስትደርሱ ደግሞ «እባክዎ ይደውሉልኝ» የምትለዋ ነጻ መልእክት አለች። በገና ጠዋት ከእርሻ ዳስ ውስጥ የምትወጣ «ይደውሉልኝ» ምን እንደምትመስል አስባችኋል? የሚቀበላት የከተማ ዘመድ «ይኸው ደግሞ ሊለምነኝ ነው» ብሎ ያልፋታል። ሰውዬው ግን ያለችውን ብቸኛ ካርድ ነው የላከው።

ከሁሉ የሚከፋው ምንም የማይልከው ነው፤ ስለ እርሱ ጥቂት ታገሡኝ።

የእርሻውን ቀን መቁጠሪያ እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ሰሊጡ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይታጨዳል፤ ኮሮጆው ከተሰነጠቀ ፍሬው ስለሚረግፍ ያን ሰሞን ሰው እንደ ወርቅ ይፈለጋል። ይታሰራል፣ በሂላ ተከምሮ ይቆማል፣ ይራገፋል። ከዚያ ማሽላው፣ ከዚያ ጥጡ። ገና የሚደርሰው ሥራው ተገባድዶ ሒሳቡ ገና ባልተዘጋበት ሰዓት ነው። አንዱ ሳሉግ ብሩን ቆጥሮ አይከል ላይ ነጠላና ጨው ገዝቶ ወደ ቤቱ ይወጣል። ሌላው «ሰሊጡ ይሸጥና» ተብሎ ይጠብቃል። ሌላው የሠራውን ወባ በልቶበታል፤ ወይም ሆዱ አብጦ፣ ሰውነቱ አልቆ፣ ካላዛር ነው ተብሎ ሕክምና ላይ ነው። ሌላው ወደ ሱዳን ተሻግሮ የዚህ አገር ሲም የማይሠራበት ቦታ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተዘጋባቸው ወራት ደግሞ ያለውም የሌለውም እኩል ዝም አለ።

አሁን ደጋ ላይ፣ ስሜን ወይም ጋይንት ውስጥ ያለች አንዲት እናት አስቡ። ገና ጠዋት ነው። የጎረቤት ልጅ ደውሏል፤ የእርሷ አልደወለም። ምን ትላለች? «ቆላ ወርዶ ረሳኝ» ትላለች። ጎረቤትም ያግዛታል፤ «ሱዳን ሴት ይዟል አሉ» ይላታል፣ ወሬ አያልቅበትም። ልጁ ግን አምስት መቶ ብር ሳይኖረው የእናቱን ድምፅ ለመስማት አፍሮ፣ ስልኩን አጥፍቶ ዛፍ ሥር ተኝቷል። አንድ ገና ያልደወለ ሰው ለፋሲካ መደወል ይከብደዋል፤ አሁን የሁለት በዓል ዕዳ አለበት። በሦስተኛው ዓመት እናትዮው ስሙን ማንሣት ትተዋለች፣ እርሱም መመለስ ይቀርበታል። መንደር 6፣ መንደር 7 እና መንደር 8 ውስጥ፣ በገለጎም፣ በአብርሃ ጅራም እንዲህ ሆነው የቀሩ ሰዎች አሉ፤ ሠፋሪ አይደሉም፣ እንግዳም አይደሉም፣ በአንድ ያልተደወለ ገና የቀሩ ናቸው።

ስለዚህ የሰዎች ሰላምታ አላላክ ለየቅል የሆነው በጠባያቸው ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም። ቸልተኛ አለ፣ ትጉህ አለ፤ እሱ የትም አለ። እዚህ ቆላ ውስጥ ግን ላኪውንና ዝምተኛውን የሚለየው ብዙ ጊዜ ሒሳቡ ከበዓሉ በፊት መከፈል አለመከፈሉ ነው። ደጋ ላይ ዘመድ ያላችሁ፣ ለዘመዶቻችሁ ስትደውሉ «ባዶ እጁን ቢሆንም ይደውል፣ ድምፁ ይበቃናል» ብለው ለልጃቸው እንዲልኩለት ንገሩልኝ። ይህ ከእናት አፍ ካልወጣ ልጁ አያምነውም። «ይደውሉልኝ» የሚል መልእክት ሲመጣባችሁም ደውሉ፤ ሁለት ደቂቃ ነው።

የእርሻ ባለቤቶችን ደግሞ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በማግኘቴ ነው ይህን ሁሉ ያወራሁት። አንዳንዶቻችሁ የበዓል ፍየል ለሠራተኛ እንደምታርዱ ዐውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ሰሊጡ እስኪሸጥ ሙሉውን መክፈል ባይመቻችሁ እንኳ፣ ቢያንስ ሲሶውን ከታኅሣሥ 20 በፊት ብትሰጡት ምን ይጎድልባችኋል? በዳሱም አንድ የፀሐይ ኃይል ባትሪ መሙያ ይቀመጥ፤ ስልክ ያለው ሰው ባትሪ አልቆበት በዓል እንዳያልፈው። ዋጋው የአንድ ኩንታል ሰሊጥ ሽራፊ ነው። ይህን የምታደርጉ ካላችሁ እጃችሁን አውጡና እንዴት እንደምታደርጉት ንገሩን። የማትችሉም ካላችሁ ምክንያቱን እንስማ፤ የገበያውን ነገር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ማይኩን ወደ ኋላ ወንበር አሳልፉልኝ።